ስሙ የማይነገር የጨጓራ ዱቄት

በደርግ ጊዜ ጨጓራ የሌለበት ሰው አላውቅም። ምናልባት ኖሮ ይሆናል፤ ግን እንደዚያ ያለ ሰው ከእኛ ጋር ስብሰባ አይቀመጥም ነበር። እኔ ጎፋ አካባቢ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ሆዴ ከቁርስ በፊት ይቃጠላል፣ ከምሳ በኋላ ይነፋል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በውይይት ክበብ ላይ ደግሞ ይጮሃል። አንድ ቀን ሰብሳቢው ንግግሩን አቋርጦ «ከኋላ የሚያጉረመርመው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በድንጋጤ ጸጥ አለ። ያጉረመረመው የእኔ ሆድ መሆኑን ከእኔና ከጎኔ ከተቀመጠችው የአማርኛ መምህርት በቀር ያወቀ አልነበረም። እሷም እግዜር ይስጣት፣ አላጋለጠችኝም።

በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። በየወሩ በምንለጥፈው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ዓይን ማዝ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ ጥፍር ቆሻሻ እጽፋለሁ። አንድ ወር ተራው የጨጓራ ሆነ። «የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ሚጥሚጣ አይብላ፤ በባዶ ሆዱ ቡና አይጠጣ፤ አስፕሪን ፈጽሞ አይዋጥ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩና «ፈጽሞ» የምትለዋን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ «በሽታ በሳይንስ እንጂ በሥራ ሥርና በቅጠል አይድንም» የሚል ጨመርኩ። ዳይሬክተሩ በጣም ወደደው።

ጽሑፉን ለጥፌ ስመለስ ሁለት አስፕሪን ዋጥኩ። ስብሰባ ራሴን ይፈልጠኛል፤ ስለዚህ አስፕሪን ከሱቅ እየገዛሁ በኮቴ ኪስ እይዝ ነበር። ራሴን የማሳምንበት ክርክርም አላጣሁም። አስፕሪኑ የራስ ነው፣ ቁስሉ የሆድ ነው፣ በመካከላቸው አንገት አለ። ይህን አንድ ተማሪ በፈተና ላይ ቢጽፈው ዜሮ እሰጠው ነበር።

ክሊኒክ ሄጄ የሚታኘክ ነጭ ኪኒን ሰጥተውኛል። ስወስደው ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው እሆናለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እንደ ነበርኩ ነኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር «የባህል መድኃኒት ሞክረዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ እንደ ተሰደበ ሰው ተቆጣሁ። «እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ» አልኩት። የሚገርመው፣ ያን ዕለት እውነቴን ነበር። ገና አልሞከርኩም ነበር።

የሞከርኩት በትምህርት ቤቱ ዘበኛ ምክንያት ነው። ዘበኛችን ከላፍቶ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ፣ ጠዋት እርሻውን አይቶ ከዚያ በር ላይ የሚቆም፣ ዕድሜው ከእኔ ላቅ ያለ ሰው ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ መምህር ይለኛል። አንድ ጠዋት በሩን ይዤ እጥፍ ብዬ ቆሜ አገኘኝ።

«መምህር፣ ይቺ ሆድ ትገድልዎታለች» አለኝ። «አክስቴ ለዚህ የምትሰጠው ዱቄት አላት። ከአባቷ የወረሰችው ነው። እሑድ እንሂድ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጋዜጣው ላይ ጽፌያለሁ» አልኩት።

«አንብቤዋለሁ፤ ጽሑፉ ጥሩ ነው» አለ። «እሑድ በጠዋት ቢሆን ይሻላል።»

ሄድኩ። ያን ጊዜ ላፍቶ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ ከእግሬ አወለቀው። ሴትዮዋ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። እኔ የጠበቅሁት ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያጉተመትሙ አዋቂ ነበር። እሳቸው ግን ከሽንኩርት መደባቸው ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡና ደጃቸው ላይ አስቀምጠውኝ ይጠይቁኝ ጀመር። ስትበላ ይሻልሃል ወይስ ይብስሃል? ጀርባህን ይወጋሃል? ታስታውካለህ? ሰገራህ ጠቁሮ ያውቃል? ክሊኒክ ውስጥ ይህን ያህል ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ «የሐኪም ቤት ኪኒን ትውጣለህ?» አሉኝ። «ለራስ ይሁን ለወገብ፣ ለምንም ቢሆን ንገረኝ። ከዚህኛው ጋር አይሆንም።»

«ምንም አልውጥም፣ እማማ» አልኩ። አስፕሪኑ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ለምን እንደ ዋሸሁ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም። የባህል መድኃኒት የሚሰጡ ሰዎች ኪኒን የሚውጥ ሰው ሲመጣባቸው ይቀየማሉ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያለ መድኃኒት እንዳይመልሱኝ ፈራሁ መሰለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ እኮ።

ዱቄቱን በደብተር ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ጠዋት አንድ ማንኪያ በለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ምግብ። በርበሬ የለም፣ አረቄ የለም። «ሰገራህ ከጠቆረ ግን የእኔን ተወውና ወደ ሐኪም ሩጥ» አሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። ያደግሁበት ሰፈር መድኃኒት ወንዝ ካሻገሩት ኃይሉ ይጠፋል፣ ከሰው ጋር ተነጋግረው ከጠጡት አይሠራም ይባላል። እሳቸው ይህን ስላላነሡ ቅር አለኝ። ስለዚህ ራሴ አነሣሁት።

«ወንዝ ብሻገርስ?»

ትኩር ብለው አዩኝ። «ቤትህ ከወንዝ ማዶ አይደለም እንዴ? ታዲያ በምን ልትሄድ ነው?»

የነበራቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ መጠየቅ አይቻልም። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ አስምለዋቸዋል፤ ከተነገረ አይሠራም።

ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ዙሪያውን ተመለከትኩ፤ ሰው የለም። ዱቄቱን ከኪሴ አወጣሁና ከውሃው እንዲርቅ ብዬ ባርኔጣዬ ውስጥ ከትቼ ተሻገርኩ። የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ በስንት ትጋት የማስተምር ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከባለቤቴ ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር ተነሥቼ፣ ጓሮ ሄጄ፣ ዱቄቱን በጥብጬ እጠጣለሁ። እንዴት አደርክ ስትለኝ ዝም፤ ቁርስ ይቅረብ ስትል ዝም። ኋላ እንደ ነገረችኝ ከሆነ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት ስታለቅስ ሰንብታለች። ሆዴ ግን እውነትም ተሻለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ማቃጠሉ ቀነሰ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ተሻለኝና ጠገብኩ። አንዱን ማንኪያ ሁለት አደረግሁት። ለበዓል ክትፎ በሚጥሚጣ በላሁ። በዚያው ወር ስብሰባ በዛ፤ አስፕሪኑንም ከሁለት ወደ አራት አሳደግሁት።

አንድ ቀን ሰገራዬ ሬንጅ መሰለ። እንዴት እንደ ተደሰትኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሴትዮዋ ያሉኝን አልረሳሁትም፤ በደንብ አስታውሰዋለሁ። ግን እኛ ኮሶ እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን። መድኃኒት ካላስወጣ መድኃኒት አይመስለንም። ኮሶ ጠጥቶ የወጣለትን በኩራት የሚያወራ ጎረቤት መካከል ያደገ ሰው፣ ከሆዱ ጥቁር ነገር ሲወጣ በሽታው ለቀቀ እንጂ ደም ፈሰሰ ብሎ አያስብም። ለሦስት ቀን ያህል በሽታዬ ሲወጣ እያየሁ ደስ እያለኝ ቆየሁ።

የወደቅሁት ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ጨጓራ እያስተማርኩ ነበር ብል ታሪኩ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን የአበባ ክፍሎችን እያስተማርኩ ነበር። ጠመኔው ከእጄ ሲወድቅ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሆስፒታል ጣሪያ ነው።

ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። ሐኪሙ ቤተሰብ ደም ካልሰጠ አይተርፍም ብሏቸው፣ የባለቤቴ ወንድምና ያ ዘበኛ ሰጡ። ዘበኛውን የጠራው የለም። ተሸክሞ ያመጣኝ እሱ ስለ ነበረ እዚያው ቆሞ ሲሰማ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ባለቤቴ በበኩሏ ልብሴን ስትሰበስብ ዱቄቱን አገኘች። ዘበኛውን ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሳይደብቅ ከአክስቴ ነው አላት። እሷ እያለቀሰች ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ለቀበሌ ነገረ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሁለት ጠባቂዎች ላፍቶ ሄደው አሮጊቷን ይዘው መጡና ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ካለችው ክፍል አስገቧቸው። መምህር መርዘዋል ተባለ።

እኔ ይህን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ አንድ ወረቀት እያየ «ከዱቄቱ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«አስፕሪንስ?»

የታየኝ የግድግዳው ጋዜጣ ነው። ሁለት ጊዜ የተሰመረችው ቀይ መስመር ታየችኝ። ባለቤቴ እዚያው ቆማለች፤ ሁለት መምህራንም ሊጠይቁኝ መጥተዋል።

«ኧረ በፍጹም» አልኩ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጣጥፎ ሄደ። ማታ ባለቤቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «አይዞህ፣ ያቺን መርዘኛ አሥረዋታል።»  እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም። ነገ ይፈቷቸዋል አልኩ ለራሴ። አሮጊት ሴት አያቆዩም አልኩ። ደግሞስ ዱቄቱ እንዳላደማኝ በምን አውቃለሁ አልኩ፤ ይቺኛዋን ስል እንኳ ራሴን ታዘብኩት። በዚያ ዘመን ቀበሌ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ማንም እንደማያውቅ እኔም አውቅ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ ተኝቼ ጣሪያ እያየሁ ዋልኩ። ፈሪ መሆኔን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ጨጓራ ብቻ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ሊመሽ ሲል ዘበኛው በጠርሙስ ወተት ይዞ መጣ። ቁጭ አለ። ስለ ትምህርት ቤቱ ነገረኝ፤ ልጆቹ ሰላም ብለውኛል። ስለ አክስቱ አንድ ቃል አልተናገረም። ለመሄድ ከተነሣ በኋላ ነው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የጠየቀኝ።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እውነት የጎዳችዎት አክስቴ ነች?»

የዚህ ሰው ደም በእጄ ገብቶ በሰውነቴ ውስጥ ይዞር ነበር። ማልቀስ ጀመርኩ፤ አለቀስኩ ስል እንደ ሕፃን ነው። ከዚያ ስለ አስፕሪኑ ነገርኩት። ስንት እንደምውጥ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለአክስቱ እንዴት እንደ ዋሸሁ።  ስጨርስ «በሉ ለሐኪሙም ይንገሩት» አለኝና ሊጠራው ሄደ።

ሐኪሙ አልገረመውም። ያን ወረቀት እንደገና አወጣው። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጽፎበት በመጀመሪያው ቀን ከቀበሌ ደርሶታል፤ ተልባ፣ አብሽ፣ የአንድ ቁጥቋጦ ሥር።

«ሥሩን በደንብ አላውቀውም» አለ። «ጥሩ ነው ብዬም አልመሰክርም። ግን ተልባና አብሽ እንዲህ አያደሙም። ስለዚህ ሌላ ነገር እየፈለግሁ ነበር። ወረቀቱ ባይመጣ ኖሮ እኔም ዱቄቱ ነው ብዬ እተወው ነበር፤ እርስዎም ቤትዎ ገብተው አስፕሪንዎን ይቀጥሉ ነበር።» ወረቀቱን ወደ ኪሱ መልሶ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እኮ ነገሩ» አለና ለቀበሌው ደብዳቤ ሊጽፍ ወጣ። ሴትዮዋ በማግስቱ ተፈቱ።

እኔም ቅጣቴን አላጣሁም። ከሆስፒታል ስወጣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተጠየቅሁ። ተነሥቼ አስፕሪን መዋጤን፣ መዋሸቴን፣ ብዙሃኑን ማሳሳቴን ዘረዘርኩ። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ አስፕሪኑ ከየት እንደ ተገዛ ጠየቀ። ተማሪዎቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያወጡልኝን ስም መገመት አያቅታችሁም፤ ጋዜጣውንም እስኪነቀል ድረስ በየዕረፍቱ ቆመው ጮክ ብለው ያነቡት ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ደግሞ ምን አጠፋሁ ብዬ ስፈራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጓድ መምህር፣ ዱቄቱን በቀን ስንት ጊዜ ነበር የሚወስዱት?» አለኝ። ለካ ወረቀቱን ለሐኪሙ ከመላኩ በፊት ገልብጦታል። ወር ሳይሞላ የቀበሌው ሰው ግማሹ ተልባና አብሽ እያስፈጨ ሥሩን ፍለጋ ይዞር ጀመር። ለማንም በወጉ አልሠራም፤ እሳቸው እንዴት አድርገው እንደሚያዘጋጁት የጠየቀ አልነበረም።

ለመራመድ ስበረታ ባለቤቴ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ያመጣችውን ስኳር በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና ላፍቶ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሽንብራ ይለቅማሉ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ።

«እማማ፣ አስፈራርተው ምሥጢርዎን ያስወጡብዎት በእኔ ጦስ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«ማን አስፈራራኝ?» አሉ። ቅር ያላቸው መሰሉ። «የመጡት ልጆች አንተ ወድቀህ ደም እየፈሰሰህ ነው አሉኝ። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ገና አልጠየቁኝም ነበር። አንደኛውን ጻፍ አልኩት። ቶሎ ለሐኪሙ አድርስለት፤ ሐኪሙ ሕመምተኛው ምን እንደ ጠጣ ካላወቀ በምን ያድነዋል አልኩት።»

 እሳቸው ሽንብራቸውን እየለቀሙ ቀጠሉ።

«ከዚያ ሦስቱንም ቀን ተቀምጬ ሳስብ ነበር። ሥሩን አብዝቼ ይሆን? ሻጋታ ገብቶት ይሆን? አባቴ ሃምሳ ዓመት ሰጥቶ ሰው አልሞተበትም፤ እኔ ገደልኩ እያልኩ።»

በእነዚያው ሦስት ቀናት እኔ ሳስብ የነበረው ስለ ግድግዳ ጋዜጣ ነው። ይህን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አፍሬ ተውኩት። ይቅርታ ብቻ አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበልህ አሉኝና ሆዴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ዛሬስ ለሰው አይሰጡም?»

«አልሰጥም። ከተነገረ አይሠራም።»

እንግዲህ መምህር ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ተልባ ስሙ ስለ ተጠራ ተልባነቱ አይቀርም፤ በውስጡ ያለው ነገር ያው ነው፤ ሰው ሰማው አልሰማው ለጨጓራው ልዩነት የለውም። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ተልባውማ ምን አደረገ?» አሉ። «የማልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አልማለም።»

እዚያው እንደተቀመጥን አንዲት ወጣት ሴት ሆዷን በእጇ ደግፋ መጣች። ከብስራተ ገብርኤል በእግሯ ነው የመጣችው፤ ላብ አጥምቋታል። የጨጓራ መድኃኒት የሚሰጡ እናት እዚህ አሉ ብለው ልከዋት እንደሆነ ተናገረች።

«የለም ልጄ» አሉ ሴትዮዋ ከሽንብራው ቀና ሳይሉ። «ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እዚህ ነው ያሉኝ እኮ፤ እርስዎ አያውቁም? መድኃኒት የሚሰጡት እናት እዚህ አይደሉም?»

«ነበሩ» አልኳት።